ኩላሊቴን ነው ያልሁ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማልስቅ ሴት እንደሆንሁ ይወራል። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ያውቀዋል። «ባዮሎጂ ቲቸሯ ፊቷን እንደቋጠረች ነው የምትተኛው» ይላሉ አሉ። ዛሬ እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ሳቅ እወዳለሁ። ችግሬ ብቻዬን አለመሳቄ ነው። እኔ ስስቅ ፊኛዬም አብሮኝ ይስቃል። እናንተም አሁን ፈገግ እንዳላችሁ ይታወቀኛል፤ ግዴለም፣ እስከ መጨረሻው ብቻ ተከተሉኝ።

አምሳን የተሻገርሁ፣ አራት ልጅ የወለድሁ ሴት ነኝ። አራተኛዋ ስትወጣ የሽንት መያዣ ጡንቻዬን ይዛው ወጣች መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። መጀመሪያ ስስል ጠብ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ሳስነጥስ። ቀጥሎ ባጃጅ ጉብታ ላይ ስትዘል። በኋላማ ዝም ብዬ ከወንበር ስነሣም ይቀድመኝ ጀመር። ጠብ ማለት ስል ምን ያህል እንደሆነ ግን እንዳትጠይቁኝ።

ሰው እንዲህ ሲሆን ብልሃት ያበዛል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ የትኛው ሻይ ቤት ሽንት ቤት እንዳለው፣ የትኛው ቁልፉን እንደሚደብቅ፣ የትኛው በሩ ከውስጥ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ስለ ዓባይ ይህን ያህል አያውቅም። ለቅሶ ቤት በር ሥር እቀመጣለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ሰርግ ቤት ጠላ አልቀምስም፤ ሰው ጾመኛ ይለኛል። ዘወትር ጥቁር ቀሚስ ነው የምለብሰው፤ ሰው «የባሏ ሐዘን አልወጣላትም» ይላል። ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእሱ የለበስሁት ጥቁር ከዓመት አላለፈም። የቀረው ስድስት ዓመት የፊኛዬ ነው።

ነገሩ የፈነዳው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ነው። የዕለቱ ትምህርት ሕዋስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የሣልኋት ያችው ክብ፣ መካከሏ ላይ ነጥብ ያላት። «ሕዋስ የሕይወት ሁሉ መሠረት ናት» ብዬ ወደ ተማሪዎቹ ስዞር የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ገባ። የመጀመሪያውን ማስነጠስ ቻልሁት። ሁለተኛው ሲመጣ እግሬን አጣምሬ ጠረጴዛውን ያዝሁ። ስለ ሦስተኛው አልናገርም። የስም መጥሪያውን መዝገብ ከበስተኋላዬ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ እንዳደረግሁ፣ የኋሊት እየተራመድሁ ከክፍል ወጣሁ። ልጆቹ «ይማርዎት» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኙም።

ቤቴ ገብቼ፣ ቀሚሴን ለውጬ፣ ስልኬን ከፍቼ መፈለግ ጀመርሁ። አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። ሐኪሞች ከበሽተኛዋ ከራሷ ጭን ወይም ክንድ ትንሽ ጡንቻ ይወስዳሉ፤ ሕዋሶቹን ለይተው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሳምንታት ያባዟቸዋል፤ ከዚያ ሽንቱን በሚይዘው ጡንቻ ውስጥ በመርፌ መልሰው ይተክሏቸዋል። የተተከሉት ሕዋሶች የደከመውን ጡንቻ ያበረቱታል ተብሎ ይታሰባል ይላል። ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሣልኋት፣ አሞገስኋት፣ ስሟን ለስንት ሺህ ልጅ አስጠናሁላት፤ አሁን ውለታዬን ልትመልስ ነው ብዬ አሰብሁ። ጭኔንም ነካ ነካ አደረግሁት። በጭን በኩል ለጋስ ነኝ፣ ቢቀንሱልኝ ቅር አይለኝም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድሁ። በሩን ስከፍት ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ቲቸር!» አለኝ። የራሴ ተማሪ ኖሯል። ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። አንድ ቀን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ቢለኝ «ደወሉ እስኪደወል ቻል! ሰው ራሱን መግዛት አለበት!» ብዬ አስቀምጬዋለሁ። እሱ ይርሳው አይርሳው አላውቅም፤ እኔ ግን የበሽተኛው ወንበር ላይ ስቀመጥ ቃል በቃል ትዝ አለኝ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት ቲቸር?»

«ውሃው ነው» አልሁ ወደ መስኮቱ እያየሁ።

«የትኛው ውሃ?»

«የከተማው አይደለም። የከተማው ይቋረጣል። የእኔው ነው የማይቋረጥ።»

ገባው። የጎጃም ልጅ ነው፣ ተጠቅልሎ የተሰጠውን ለመፍታት አይቸገርም። ሳያሳፍረኝ ጠየቀኝ፣ መረመረኝ፣ ጻፈ። ሲጨርስ ስልኬን አውጥቼ የሕዋሱን ጽሑፍ አሳየሁትና «ይኸን አድርጉልኝ፣ ጭኔን ይዤ መጥቻለሁ» አልሁት።

አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። «አውቀዋለሁ ቲቸር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። አንዳንዷን ረድቷል ይባላል፣ አንዳንዷን ደግሞ አልረዳም። ለምን እንደሆነም ገና አላጣሩትም። እኛ ጋ ቀርቶ ሌላውም አገር ቢሆን የተለመደ ሕክምና አልሆነም። ያለቀለት ነው ብሎ የሚያባብልዎት ቢመጣ እሽ እንዳይሉት።»

«እና እኔ ምን ልሁን?»

«ልምምድ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጭምቅ ያደርጉታል፣ እስከ አምስት ይቆጥራሉ፣ ይለቁታል። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሻይም ይቀንሱ። በሦስት ወር ልዩነቱን ያዩታል፤ ካላዩት ሌላም ሕክምና አለ፣ ይመለሱ።»

ከራሴ ሕዋስ የጠበቅሁት ትልቅ ነገር እስከ አምስት መቁጠር ሆኖ ቀረ። ልወጣ ስል «ቲቸር፣» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ደወሉ እስኪደወል ቻል ማድረግ ነው።» አልረሳም ማለት ነው። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

የሆስፒታሉ በር ላይ እትዬ ብርቄን አገኘኋቸው። እትዬ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው። እድራችን ጥሩምባ ነፊ አለው፣ ግን ወሬው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው በእሳቸው በኩል ነው። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» አሉኝ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው።

ጉንፋን ነው ብል ምን ነበረበት? ነገር ግን ለጉንፋን ሆስፒታል የሚሄድ ስለሌለ በፍጥነት የተከበረ በሽታ ፈለግሁ። ጨጓራ ሁሉም ሰው አለው። ልብ ያስደነግጣል። «ኩላሊቴን ነው» አልሁ። ሰፈሩ ቅርብ ስለሆነ ውሸቱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«መድኃኒት ሰጡሽ?»

«መድኃኒቱ እኛ አገር የለም እትዬ። ከሰውነት ላይ ቆርጠው፣ አባዝተው፣ መልሰው የሚተክሉት ነው።» በሕዋሷ የተነሣ የያዘኝ ብስጭት ነው ይህን ያናገረኝ። ምሳ ሳልበላ ነገሩ «ኩላሊቷ ሊቀየር ነው፣ የሚሰጣት ሰው ይፈለጋል» ሆኖ ቤቴ ድረስ መጣ። ትምህርት ቤቱም ሳልጠይቅ ፈቃድ ሰጠኝ።

ከዚያ ጥየቃው ጀመረ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ለኩላሊት ደግሞ የሚመጣው ፈሳሽ ነው። እትዬ ብርቄ የገብስ ውሃ በጀሪካን ይዘው መጡ። ሌላዋ አብሽ በጥብጣ መጣች። ሌላዋ ተልባ። «ኩላሊት መታጠብ አለበት!» እያሉ ራስጌዬ ቆመው፣ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ዓይናቸውን ከጉሮሮዬ ላይ አይነቅሉም። በሽተኛ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ብድግ ብድግ አይልም። ልነሣ ስል «ወዴት ነው? ተኝ! የምትፈልጊውን እኛ እናመጣልሻለን» ይሉኛል። እኔ የምፈልገውን እንዴት አድርገው ሊያመጡልኝ እንደሚችሉ ግራ ገባኝ። አንዲት ባልደረባዬ ፊቴን አይታ «ስቃይዋን ዋጥ አድርጋ ይዛዋለች» ብላ አለቀሰች። ዋጥ ያደረግሁትስ ነበረኝ፤ የሐኪሙን ልምምድ እየሠራሁ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያልሁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዘይነብ መጣች። ዘይነብ ገበያ ውስጥ ጨርቅና ልብስ የምትሸጥ የልብ ወዳጄ ናት። አብሽም አላመጣችም፣ ተልባም አላመጣችም። ተቀመጠችና አየችኝ።

«ኩላሊት ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«እሽ» አለች። ያች «እሽ» አላማረችኝም። ከዚያ ከፌስታል አዲስ ጥቁር ቀሚስ አውጥታ አሳየችኝና መልሳ ራስጌዬ አስቀመጠችው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ክው አለ። ለበሽተኛ ጥቁር! እትዬ ብርቄ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ዘይነብ ግን አንድም ቃል ሳትጨምር ወደ ሱቋ ሄደች።

እሑድ ዕለት ከማንኩሳ ጋሼ ጥሩነህ መጣ። ጋሼ ጥሩነህ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር ያዘ፤ እኔ እንድማር። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስማር ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን ተሸክሞ በእግሩ የሚመጣልኝ እሱ ነበር። ዛሬ አስተማሪ ተብዬ የምጠራው በእሱ ትከሻ ነው። ይህን የማነሣው ነገሩ ለምን እንደከበደኝ እንድታውቁት ነው።

ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ነው፣ መንገዱም ሰሞኑን ክፍት ነበር። እሱ ግን ጠዋት ተሳፍሮ የደረሰው ረፋዱ ካለፈ ነው። «ምነው ዘገየህ ጋሼ?» ብለው፣ «ሚኒባሱን ሦስት ጊዜ አስቁሜው ነው» አለ። «የሰው በቆሎ ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ልየው ብዬ ወረድ ወረድ አልሁ። ሾፌሩ ባለጌ ነው፣ ግብርና ቢሮ ነው እንዴ የሚሠሩት አለኝ።» ገበሬ ስለሆነ አልተገረምሁም።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የእድራችን ዳኛ አቶ ይርጋ መካከል ተቀምጠዋል። ጋሼ ጥሩነህ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የለበሰው ጋቢ ታጥቦ ነጭ ሆኗል።

«የእድር ሰዎች፣» አለ፣ «ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው አትፈልጉ። እኔ አንዱን ኩላሊቴን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ንስሐ አባቴን አይቻለሁ። በሬዎቼንም መሬቴንም ሽማግሌ አስቀምጬ ለልጆቼ አካፍያለሁ፤ ምናልባት ቢላው ቢስተኝ ብዬ። ነገ ሐኪሙ ይለካኝ።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ አፈርሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው የእኔን ቀሚስ ለመሸፈን ስል በተናገርኋት ውሸት ንስሐ ገብቶ፣ ተናዝዞ፣ ጋቢውን አሳጥቦ መጥቷል። እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ ግን አቶ ይርጋ ፊት፣ ወንድ በሞላበት፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። በዙሪያው ልሂድ ብዬ «ጋሼ፣ የሚወሰደው እኮ ከራሴ ነው፣ ከጭኔ» አልሁት።

«ዝም በይ!» አለኝ። «እኔን ለማትረፍ የምታወሪውን አጥቼው ነው? ኩላሊት መቼ ነው ጭን ውስጥ የገባ? ደግሞ አስተማሪ ነሽ!» ቤቱ በሙሉ በእሱ ፈረደ። አቶ ይርጋም «ይህችን የመሰለች እህት!» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይርጋና ጋሼ ጥሩነህ «በሽተኛ አትንገላታ» ብለው እኔን ትተው ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። የተማሪዬ ነገር፣ የሙያውን ሥርዓት ጠባቂ ነው፤ «የታካሚን ጉዳይ ያለ ፈቃዷ አልናገርም» ብሎ መለሳቸው። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። የሚጠብቃቸው ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ ዘይነብም ሱቋን ዘግታ መጥታለች።

«ሐኪሙ እንኳ ሊናገረው አልደፈረም» አሉ አቶ ይርጋ። «እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል።»

ጋሼ ጥሩነህ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ። አባታችን ሲቀበር ያላለቀሰ ሰው ነው። ያንን ድምፅ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው» አልሁ። ለቅሶው ዋጠው። ከአልጋዬ ወርጄ ቆምሁና ዘጠነኛ ክፍልን በማዝበት ድምፄ «ዝምታ!» ብዬ ጮህሁ። አቶ ይርጋ ሳይቀሩ ቀጥ አሉ።

«ኩላሊቴ ጤነኛ ነው። ዋሽቻችሁ ነው። እኔ ውሃ ሽንቴን መያዝ አልችልም። ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ስስቅ ያመልጠኛል። አራተኛዋን ከወለድሁ ወዲህ ነው። ሌላ በሽታ የለኝም።»

ከጋቢው ውስጥ የጋሼ ጥሩነህ አንድ ዓይን ብቅ አለች። መጀመሪያ የተናገረችው ዘይነብ ናት።

«ይችን ለመናገር ነው ሳምንት ሙሉ አገር ያስለቀስሽ? እኔ እኮ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ሐዘንተኛ አንድ ጥቁር ገዝታ ዓመቷን ታወጣበታለች፤ አንች በዓመት አምስት ትወስጃለሽ። ደግሞ ብቻሽን መስሎሻል? ይህን ሁሉ ጥቁር ለማን የማመጣው ይመስልሻል?» ብላ ቤቱን ዙሪያ አየችው። አራት አምስት ሴቶች የነጠላቸውን ጥለት ማስተካከል ጀመሩ። እትዬ ብርቄ ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አገኙ።

ጋሼ ጥሩነህ እንባውን ጠረገ። «ታዲያ ከሰውነት ተቆርጦ የሚተከለው ምንድን ነው?»

ነገርሁት። ጡንቻ እንደሆነ፣ ከጭን እንደሚወሰድ፣ ሕዋሱ እንደሚባዛ፣ ገና በጥናት ላይ እንዳለ፣ ይደረግ ቢባልም ከራሴ እንጅ ከሌላ እንደማይሆን። እስከ «ጡንቻ» ድረስ ብቻ ነው የሰማኝ።

«ጡንቻ ነው? እንግዲያው የእኔን ይውሰዱ እንጅ! ይኸ እኮ አርባ ዓመት ያረሰ ጭን ነው! የአስተማሪ ጭን ምን ይረባል፣ ዕድሜውን ወንበር ላይ ለፈጀ!» አለና አቶ ይርጋ ፊት ሱሪውን ወደ ላይ ይሰበስብ ጀመር። አቶ ይርጋም ግራ ገብቷቸው ጭኑን በጥሞና አዩትና «እውነቱን ነው» ብለው መሰከሩ።

ሳቄ መጣ። ስድስት ዓመት የታፈነ ሳቅ። ጭምቅ አድርጌ መቁጠር ጀመርሁ፤ እስከ አምስት ቻልሁት፣ ስድስት ላይ ለቀቅሁት። ቤቱም ከእኔ ጋር ፈነዳ። የሆነውን ሁሉም አየ፤ የገብስ ውሃው፣ አብሹ፣ ተልባው በየተራ ምስክርነቱን ሰጠ። የሚገርመው ግን አላፈርሁም። የዘይነብን ፌስታል ከራስጌዬ አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቀሚሱ ልክክ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ልምምዱን ጠየቁኝ። የትምህርት መርጃ ሥዕሌን ጀርባ ገልብጬ፣ ጡንቻውን ሥዬ አስተማርኋቸው። አሁን የእድር ስብሰባ ላይ አቶ ይርጋ ሲናገሩ ሴቶቹ ሁሉ ኮስተር ብለው፣ ዓይናቸውን አንድ ቦታ ተክለው ይቀመጣሉ። አቶ ይርጋም «ዘንድሮ ሴቶቻችን ቁም ነገር ገብቷቸዋል» ብለው ስብሰባውን ማስረዘም ጀምረዋል። ስለ ሕዋሷ ግን ተስፋ አልቆረጥሁም፤ አሁንም ጽሑፍ ሲወጣ አነባለሁ።

ጋሼ ጥሩነህን ማክሰኞ ወደ መናኸሪያ ልሸኘው ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆም አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እታለም፣ ያ ሐኪምሽ... ወንድም ያያል?»

ሦስት ጊዜ የቆመው ሚኒባስ ያኔ ትዝ አለኝ። «የበቆሎው ነገር ነው ጋሼ?»

ወደ እኔ አልዞረም። «በቆሎው አስቸግሮኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ዓመቱ ነው።»

ለእኔ ኩላሊቱን ለመስጠት አንድ ቀን ያላመነታ ሰው ይችን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በማን እንደወጣሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ክንዱን ይዤ መንገዳችንን ወደ ሆስፒታሉ አዞርሁት። ተማሪዬም የወንዶቹ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ በዕድሜ የሚያብጥ ዕጢ አለ ብሎ መረመረው፣ መድኃኒት ሰጠው፣ ተመለስ አለው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጋሼ ጥሩነህ ጠዋት ተሳፍሮ ጠዋት ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ፣ እንዴት አደርሽ ሳይለኝ፣ ደረቱን ነፋ።

«እታለም፣ ዛሬ የመንገዱን በቆሎ አላየሁትም።»

«አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም! ይቆረጥ አይቆረጥ እንጃለት።»

ያን ዕለት የለበስሁት ዘይነብ መርጣ የሸጠችልኝን ቢጫ ቀሚስ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሳቅሁ።